ሪቦርን አሻንጉሊት ለመሥራት፦ የትኛው ቀለም፣ የትኛው ዕቃ፣ ለምን?

እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር፣ ኪን በምትባል ከተማ፣ አንድ ፖሊስ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሕፃን ራሱን ስቶ የተኛ መስሎት መስኮቱን ሰበረ። ያወጣው ግን ሪቦርን የሚባል፣ ልክ ሕፃን የሚመስል አሻንጉሊት ነበር። በ2025 ደግሞ በብራዚል ጉዳዩ ምክር ቤት ድረስ ደረሰ፤ የሪዮ ዴ ጄኔሮ ከተማ ምክር ቤት ለእነዚህ አሻንጉሊቶች ሠሪዎች የሚታሰብ ቀን እንዲኖር የሚያደርግ ረቂቅ አጸደቀ፣ ከንቲባው ኤድዋርዶ ፓየስ ደግሞ ውድቅ አደረጉት። ሰው የሚከራከረው አሻንጉሊቱን ስለሚያቅፈው ሰው ነው። አሻንጉሊቱ እንዴት ሕፃን እንደሚመስል ግን እምብዛም አይነገርም። ብዙ ሰው እንዲሁ ከፋብሪካ ተቀርጾ የሚወጣ ይመስለዋል።

ከፋብሪካ የሚወጣው አንድ ወጥ መልክ ያለው ባዶ ፕላስቲክ ነው። ደም ሥሩ፣ የጉንጩ ቅላት፣ የጥፍሩ ነጭ ጫፍ ሁሉ በእጅ የተቀባ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ገንዘቡን የሚያባክነውም እዚሁ፣ ቀለም ሲመርጥ ነው።

ሪቦርን ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ ‹ዳግም የተወለደ› ማለት ነው። ሥራው በአሜሪካ ሲጀመር ሰዎች ከሱቅ የተገዛ አሻንጉሊት ፈታተው፣ የፋብሪካውን ቀለም አጥበው፣ እንደ አዲስ ይቀቡት ነበርና ስሙ ከዚያ መጣ። ዛሬ አብዛኛው ሠሪ የሚነሣው ከኪት ነው። ኪት ያልተቀባ ጭንቅላት፣ ሁለት እጅና ሁለት እግር ሲሆን፣ የጨርቅ ገላ አንዳንዴ አብሮ ይመጣል፣ አንዳንዴ ለብቻው ይገዛል። ሲያልቅ ከ48 እስከ 53 ሳንቲሜትር የሚሆነው መጠን ለጀማሪ ይመቻል፤ የተወለደ ሕፃን ቁመት ስለሆነ የሕፃን ልብስ ልክ ይሆነዋል።

ኪቱ ቪኒል ወይም ሲሊኮን ሊሆን ይችላል። ሲሊኮን ለጀማሪ አይሆንም። ሲሊኮን ላይ የሚይዘው ራሱ ከሲሊኮን የተሠራ ቀለም ብቻ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የቪኒል ነገር ነው።

ኪት ሲገዛ ከቀራጩ ስም ጋር የሚመጣ የምስክር ወረቀት መኖሩን ማየት ይገባል። ከታወቁ ቀራጮች ሥራ ተገልብጦ የሚሸጥ ርካሽ ኪት ገበያውን ሞልቶታል፤ ፊቱ የደበዘዘ፣ የጣት መጨማደዱ የጠፋ፣ ኦቨን ሲገባ የሚያብለጨልጭ ወይም የሚሸት ቪኒል ብዙ ጊዜ ከዚያ ይመጣል።

ማንኛውም ቀለም ለምን አይሆንም?

ቪኒል በራሱ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። እንደ ሕፃን ሥጋ የሚለሰልሰው ሲመረት ዘይት መሰል ማለስለሻ ስለሚገባበት ነው። ይህ ማለስለሻ በገባበት ታስሮ አይቀርም፤ ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ላዩ ላይ የጥፍር ቀለም፣ ስፕሬይ ወይም የሠዓሊ ዘይት ቀለም ካገኘ እሱንም ያለሰልሰዋል። ሲቀባ የደረቀ የሚመስለው ጉንጭ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚያጣብቀው ለዚህ ነው። አቧራና የብርድ ልብስ ብናኝ ይለጥፋል፤ ያኔ ማዳኛ የለውም፣ ሁሉን አጥቦ እንደገና መጀመር ነው።

ስለዚህ ቀለም ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ‹ምን ዓይነት መልክ?› ሳይሆን ‹በምን ይጠነክራል?› የሚለው ነው። ሦስት መንገድ አለ።

የሠዓሊ ዘይት ቀለም የሚጠነክረው ከአየር ጋር ተዋህዶ ነው። መጥበሻ ጠርዝ ላይ የቀረ ዘይት ከርሞ እንደሚያጣብቅ ማለት ነው። ቀናት ይፈጃል፤ ቪኒል ላይ ደግሞ ጨርሶ ላይደርቅ ይችላል። ይህ ከምርጫ ይውጣ።

አክሪሊክ፣ ማለትም በውሃ የሚቀጥነው ቀለም፣ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ነው፤ ውሃው ሲተን ይደርቃል። ለሪቦርን ተብሎ የሚሸጥ በአየር የሚደርቅ ቀለም አብዛኛው የዚህ ወገን ነው። ኦቨን አይፈልግም፣ ሽታው ቀላል ነው፣ ቡሩሹ በውሃና በሳሙና ይጠራል።

ሦስተኛው በሙቀት የሚጠነክረው ነው። በሪቦርን ሠሪዎች ዘንድ በጣም የታወቀው ጄነሲስ የሚባለው ነው። ይህ ቀለም እንደ እንቁላል ነው፤ አይደርቅም፣ ይበስላል። ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳምንት ቢቀመጥ እንዳለ እርጥብ ይቆያል። 130 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለ8 ደቂቃ ያህል ሲጋገር ግን ቪኒሉን ይዞ ይጠነክራል።

ታዲያ ለመጀመሪያው የትኛው ይሻላል?

በሙቀት የሚጠነክረው ትልቁ ጥቅሙ ጊዜ መስጠቱ ነው። ግንባር ላይ የተቀባው አልጥም ካለ፣ ገና እስካልተጋገረ ድረስ በማቅጠኛ በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከሥሩ ያለው የተጋገረ ሽፋን አይነካም። ኮምፒውተር ላይ እየሠሩ ‹ሴቭ› እንደማድረግ ነው፤ እያንዳንዱ ጋገራ ያለፈውን ሥራ ይቆልፋል። አክሪሊክ ይህ የለውም። በደቂቃዎች ውስጥ ይይዛል፤ የስፖንጁ ጠርዝ የተወው መስመር እንዳለ ይቀራል። መድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽ ጠብታ ቢጨመር ትንሽ ይረዳል፣ ከበዛ ግን ሽፋኑ ራሱ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

በሌላ በኩል ሙቀት የሚፈልገው ቀለም ሌላ ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ ኦቨን፣ ቴርሞሜትር፣ ማቅጠኛ ኬሚካልና አየር የሚገባበት ክፍል ይፈልጋል። እዚህ ላይ ፍርዱ እንዲህ ነው፦ ለብቻው የሚቀመጥ ኦቨንና መስኮት ያለው ክፍል ያለው ሰው በሙቀት የሚጠነክረውን ይያዝ፤ ይማርበታል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአንዲት ክፍል ከልጆች ጋር የሚኖር ሰው አክሪሊኩን ይያዝ፤ ሳንባው ከአሻንጉሊቱ ይበልጣል። ሁለቱን አንድ አሻንጉሊት ላይ መቀላቀል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አይሞከር።

ስንት ቀለም ልግዛ?

ሻጮች ሠላሳና አርባ ብልቃጥ የያዘ ስብስብ ‹ለጀማሪ› ብለው ያቀርባሉ። አያስፈልግም። ስድስት ይበቃል፤ ቲታኒየም ዋይት (ነጭ)፣ የሎው ኦከር (አፈር መሰል ቢጫ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ)፣ ክሪምሰን ቀይና አልትራማሪን ብሉ (ጥልቅ ሰማያዊ)። ወይን ጠጅ ሲያስፈልግ ክሪምሰንና አልትራማሪን ይቀላቀላሉ። ትንሹ ብልቃጥ ለብዙ አሻንጉሊት ይበቃል፤ ቀለሙ የሚሠራው እጅግ ቀጥኖ ነውና።

ጥቁር በዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ሆን ተብሎ ነው። የእጅ መጨማደድ በጥቁር ሲሰመር ጥላ አይመስልም፣ ያልታጠበ እጅ ይመስላል። በእሱ ፈንታ በርንት አምበርና ጥቂት ክሪምሰን ይቀላቀላሉ።

ቀለሙ ምን ያህል ይቅጠን? የምስር ፍሬ የምታክል ቀለም በግማሽ የሻይ ማንኪያ ማቅጠኛ ትሟሟለች፤ ነጭ ሳህን ላይ ሲያዘነብሉት ውሃ የበዛበት ወተት ሆኖ መፍሰስ አለበት። የአንዱ ሽፋን ለውጥ ቪኒሉ ላይ ሲታይ ‹ተቀብቷል እንዴ?› የሚያሰኝ ከሆነ ልኩ ነው። ቆዳ እንደ ግድግዳ አንድ ወፍራም ቀለም አይደለም። ነጠላ በነጠላ ላይ ሲደረብ ከላይኛው ሥር የታችኛው ጥበብ እንደሚታይ፣ ከላይ ባለው ቀለም ሥር ሰማያዊው ደም ሥር፣ ከሱም ሥር የቪኒሉ ራሱ መልክ መታየት አለበት። ከአሥር እስከ ሃያ ሽፋን መድረስ የተለመደ ነው። ሦስት ሽፋን ላይ ለመጨረስ የሚቸኩል ሰው ቀለሙን ያወፍራል፤ የወፈረው ደግሞ የቪኒሉን የቆዳ ቀዳዳዎች ይደፍንና ፊቱ የፕላስቲክ ጭምብል ይሆናል።

የጠይም ልጅ መልክ እንዴት ይወጣል?

አብዛኛው የማስተማሪያ ቪዲዮ የሚያሳየው የአውሮፓ ሕፃን ነው፤ ቀይ ጉንጭ፣ ሐምራዊ እግር። ያንን ወስዶ ቡናማ ቀለም መደረብ ብቻውን የአበሻ ልጅ አያወጣም። ሻጮች ኪቱን በጥቅሉ ‹ነጭ›፣ ‹ቅልቅል›፣ ‹ጥቁር› ብለው ይከፍሉታል። እኛ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብለን የምንለየው ልዩነት የሚመጣው ከቡሩሹ ነው።

ለጠይም መልክ መነሻው ከፋብሪካው ቀለል ያለ ቡናማ ሆኖ የተሠራ ቪኒል ቢሆን ይመረጣል። ነጭ ቪኒል ላይ ቡናማ ለማምጣት ሽፋን መደራረብ ስለሚያስፈልግ መልኩ ይደክማል፤ በአንገትና በክርን ስንጥቅ ውስጥም ነጩ ብቅ ይላል።

መጀመሪያ ደም ሥር። አልትራማሪን ከጥቂት በርንት አምበር ጋር ተቀላቅሎ፣ ቀጭኑ ቡሩሽ በሰሊጥ ግንድ ውፍረት ሳይሆን በጸጉር ውፍረት በግንባር ጎን፣ በአፍንጫው ሥር፣ በእጅ አንጓና በእግር ጀርባ ላይ ይሄዳል። ወዲያው በስፖንጅ ይታተማል። ጠይም ቆዳ ላይ ደም ሥር ሰማያዊ መስሎ መታየት የለበትም፣ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ጥላ ብቻ ነው።

ቀጥሎ አጠቃላይ መልክ። በርንት ሲየና ሁለት እጅ፣ የሎው ኦከር አንድ እጅ፣ በጣም ቀጥኖ። ለቀይ ዳማ ኦከሩ ይጨምራል፤ ለጠቆረ በርንት አምበር ይገባል። ይህ ሽፋን በለሰለሰ ቡሩሽ ይቀባና ሳይደርቅ በስፖንጅ ይመታል። ቡሩሽ የጎተተው መስመር እንዳይቀር የሚያደርገው ይህ ምት ነው።

ከዚያ ዝንጉርጉርነት። የሕፃን ቆዳ አንድ ወጥ አይደለም፤ በቅርብ ሲያዩት ከሥር ደመና የተበታተነ ይመስላል። ቀዳዳው ትልልቅ የሆነ የባሕር ስፖንጅ በትንሹ ይነከራል፣ ወረቀት ላይ እስኪደርቅ ድረስ ይመታል፣ ቀጥሎ በቪኒሉ ላይ ይነካካል። እያገላበጡ ነው፤ ስፖንጁ በአንድ ጎኑ ከተደጋገመ ልክ እንደ ማኅተም ያንኑ ምልክት ይደጋግማል፣ ዓይን ደግሞ ያንን ቶሎ ያያል።

የጠይም ሕፃን ምስጢር ግን ያለው ዳር ዳሩ ላይ ነው። የጆሮ ጠርዝ፣ የጥፍር ሥርና የጣት አንጓ ከሌላው ገላ ይጠቁራሉ፤ አዲስ የተወለደ ልጅ ገና ቀልቶ ሳለ ወደፊት የሚይዘውን መልክ የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው። መዳፍና የእግር ሥር ደግሞ ይነጣሉ፤ እዚያ ዋይት፣ ኦከርና የክሪምሰን ጠብታ ይቀባል፤ ከጠይሙ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በስፖንጅ ይደባለቃል እንጂ እንደ ጓንት ጠርዝ ተቆርጦ መታየት የለበትም። የመዳፍ መስመሮች ከመዳፉ ይልቅ ጠቆር ይላሉ። ከንፈር በክሪምሰንና በአምበር፣ ጠርዙ ከመሐሉ ትንሽ ጠቆር ብሎ። ጉንጩ ላይ ቀይ ከመቀባት ይልቅ ሲየና ማጠንከር ይበልጥ እውነት ይመስላል።

አንድ የጎን ነገር፦ በብዙ አፍሪካውያንና እስያውያን ሕፃናት ወገብና መቀመጫ ላይ የሚታየው ግራጫ ሰማያዊ ጥላ የትውልድ ምልክት ነው፤ በዓመታት ይጠፋል። ሙሉ የቪኒል ሆድና ጀርባ ያለው ኪት ያገኘ ሰው ሊቀባው ይችላል። የማያውቅ ሰው ግን ‹ልጁን ማን መታው?› ማለቱ አይቀርም።

ቡሩሽና ስፖንጅስ?

እዚህ ላይ ገንዘብ ይቆጠባል። ለሰፊው ቦታ አንድ የለሰለሰ ጠፍጣፋ ቡሩሽ፣ ለማመሳሰል አንድ ክብ የሜካፕ ቡሩሽ፣ ለደም ሥርና ለመጨማደድ ቁጥር 0፣ ለቅንድብ ቁጥር 10/0 የሆነ፣ ከ0ም እጅግ የቀጠነ፣ ረጅም ጸጉር ያለው ቡሩሽ ይበቃል። ውድ መሆን ያለበት የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ጫፉ የተሰነጠቀ ቡሩሽ ቅንድብን በአንድ ጭረት ሁለት ያደርገዋል። ስፖንጁ ፊት ለመቀባት የሚሸጠው ባለሦስት ማዕዘን ነው። ማቅጠኛው ስለሚያፈርሰው ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ ፍርፋሪው በቀለሙ ውስጥ ከቀረ ጋግረው ሲያወጡት ብጉር ይመስላል።

በሙቀት ለሚጠነክረው ቀለም ማቅጠኛው ሽታው የተቀነሰ የማዕድን ማቅጠኛ (ኦደርለስ ሚነራል ስፒሪት) ወይም ከቀለሙ ጋር የሚሸጠው ፈሳሽ ነው። ሽታ አለመኖሩ ጭስ አለመኖር አይደለም። የጨርቅ ማስክ አቧራ እንጂ የኬሚካል እንፋሎት አያስቀርም፤ የሚያስቀረው ለእንፋሎት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው። የቤንዚን፣ የኬሮሲን ወይም የግድግዳ ቀለም ማቅጠኛ ቪኒሉን ስለሚጎዳ አይተካውም።

ከመቀባቱ በፊት ኪቱ በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባል፤ ከፋብሪካ ቅርጽ የቀረ ዘይት አለበትና። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደርቃል፤ በጭንቅላቱ ውስጥ የቀረ ውሃ ኦቨን ውስጥ ይፈላል። ከታጠበ በኋላ በባዶ እጅ ፊቱን መያዝ አይገባም፤ የጣት ቅባት ቀለሙን ክብ ክብ አድርጎ ይገፋዋል።

ኦቨኑን በተመለከተ

ምግብ የሚበስልበት ኦቨን ለዚህ አይውልም። ይህ ልክ ያለው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቪኒል ሲሞቅ የሚወጣው እንፋሎት ግድግዳው ላይ ይቀራል። ትንሽ፣ ማራገቢያ ያለው የጠረጴዛ ኦቨን ለብቻው ይገዛል። ስፋቱ ትልቁን ጭንቅላት ይዞ ከማሞቂያው ሽቦ ቢያንስ ጥቂት ጣት ያህል የሚያርቅ መሆን አለበት።

የኦቨኑ ቁጥር አይታመንም። 130 ላይ ያለ ማዞሪያ ውስጡን 110 ወይም 155 ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ሁለት የኦቨን ቴርሞሜትር፣ አንዱ ወደ ኋላ፣ አንዱ ወደ ፊት ይቀመጣል፤ ባዶውን ለ20 ደቂቃ አሙቆ ልዩነታቸውን ማየት ነው። ሙቀቱ ዝቅ ካለ ቀለሙ ሳይበስል ይቀራል፤ በሚቀጥለው ሽፋን ማቅጠኛው ሲነካው ይሟሟል። ከፍ ካለ ደግሞ ቪኒሉ ያብረቀርቃል፣ ጣቶቹ ይጎብጣሉ፣ ከዚያም በላይ ሲሄድ ቪኒሉ ራሱ እየፈረሰ የሚቆጠቁጥ ጎጂ ጭስ ይለቃል። ያኔ ኦቨኑን አጥፍቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ከክፍሉ መውጣት ነው።

ክፍሎቹ የሚቀመጡት በብረቱ ላይ ሳይሆን በታጠፈ የጥጥ ፎጣ ላይ ነው። ብረት የነካው ቦታ የሚያብለጨልጭ ምልክት ይዞ ይወጣል። ጭንቅላቱ በአንገቱ ይቆማል፤ እጅና እግር ክፍት ጫፋቸው ወደ ታች ሆኖ ይቆማሉ። ከመግባታቸው በፊት ማቅጠኛው እንዲተን ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ የሚቀጣጠል እንፋሎት ወደ ጋለ ሽቦ አይላክም። ስምንቱ ደቂቃ የሚቆጠረው ቴርሞሜትሩ 130 ከደረሰ በኋላ ነው። ሲያልቅ በሩ ይከፈታል እንጂ አሻንጉሊቱ አይነካም፤ የጋለ ቪኒል እንደ ሊጥ ነው፣ የጣት አሻራ ይይዛል።

መሐል ላይ መብራት ቢጠፋስ? አይበላሽም። ይቀዘቅዝ፣ ሳይነካ ይቆይ፣ መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ስምንት ደቂቃ ይቆጠር።

ምን ይበላሻል፣ ለምን?

ቀለሙ ጠብ ጠብ ብሎ ከተሰበሰበ ቪኒሉ ቅባት አለበት፤ እንደገና ይታጠባል። ከተጋገረ በኋላ ካጣበቀ ሙቀቱ አልደረሰም፤ ቴርሞሜትሩን አይቶ እንደገና መጋገር ነው። መልኩ ብርቱካንማ ከሆነ ሲየናው በዝቷል፤ በጣም የቀጠነ ሰማያዊ ሽፋን ያረግበዋል፣ ብርቱካንማና ሰማያዊ እርስ በርስ ይሻራሉና። በተቃራኒው ፊቱ የታመመ ልጅ ግራጫ ከሆነ ሰማያዊው በዝቷል፤ የሲየና ሽፋን ይመልሰዋል።

የተጋገረ ስሕተት ለማንሣት ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ላይ ትንሽ አሴቶን ይደረጋል። በጥንቃቄ ነው፤ አሴቶን ቪኒሉንም ስለሚያለሰልስ አጥብቆ ማሸት ቦታውን ያደበዝዘዋል። አዲስ ቅልቅል ሁሉ መጀመሪያ የሚሞከረው በእግሩ ላይኛው ጠርዝ፣ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ በማይታየው ቦታ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ብርሃን የማይመልስ ቫርኒሽ ይቀባል። ቀለሙ በሙቀት የሚጠነክር ከሆነ ቫርኒሹም የዚያው ዓይነት ይሁን፤ አክሪሊክ ከሆነ አክሪሊክ። ከንፈር፣ የአፍንጫ ቀዳዳና የዓይን ጥግ ብቻ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይነካሉ፤ ርጥብ እንዲመስሉ።

ዓይን፣ ጸጉር፣ ክብደት

ለመጀመሪያው የተኛ ፊት መምረጥ ብልህነት ነው፤ የዓይን ጣጣ ይቀራል። ክፍት ዓይን ያለው ከሆነ ኪቱ የሚፈልገው መጠን፣ ብዙ ጊዜ 20 ወይም 22 ሚሊሜትር፣ ተጽፎ ይመጣል። ዓይን የሚገባው ጋገራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ጭንቅላቱ ለብ ሲል ቪኒሉ ይለሰልሳልና ከውስጥ ይገፋል።

ጸጉር መትከል ከቀለሙ በላይ ጊዜ ይበላል። ሞሄር የሚባለው የአንጎራ ፍየል ጸጉር በልዩ መርፌ፣ በአንድ ቀዳዳ ከአንድ እስከ ሦስት ዘለላ፣ መርፌው ወደ ጎን ተጋድሞ ይገባል፤ ቀጥ ብሎ ከገባ ጸጉሩ እንደ ጥርስ ቡሩሽ ይቆማል። ለጀማሪ ጸጉሩን በቀለም መሣል ይቀላል። ለአበሻ ልጅ ከተተከለ ደግሞ ጥቅል ያለው ጥቁር ቡናማ ይፈለግ፤ ድቅድቅ ጥቁሩ ዊግ ይመስላል።

ክብደቱ በክንድ ላይ ሕፃን የሚያደርገው ነው። 50 ሳንቲሜትር ለሆነ አሻንጉሊት በጠቅላላ ከ2.3 እስከ 2.7 ኪሎ ይመቻል። የሚሞላው ደቃቅ የመስታወት ፍሬ ነው፣ ላዩ ላይ የፖሊስተር ጥጥ። ጭንቅላቱ ወደ ግማሽ ኪሎ ሊጠጋ ይገባል፤ ያለ ድጋፍ ወደ ኋላ ሲወድቅ ነው ያዥው ሳያስበው መዳፉን አንገቱ ሥር የሚያስገባው። አሸዋ እርጥበት ይዞ ይመጣል፣ ሩዝና ምስር ነቀዝ ያፈራል። ፍሬው በሁለት ስቶኪንግ ተቋጥሮ ይገባ፤ አንድ ስፌት ቢፈታ ወለሉ ላይ የተበተነ የመስታወት ፍሬ ሰው ይጥላል። እጅ፣ እግርና አንገት ከጨርቁ ጋር የሚታሰሩት በኬብል ማሰሪያ ነው።

የማባበያ ጎማ በአፉ ላይ እንዲጣበቅ ከውስጥ ማግኔት የሚያስገቡ አሉ። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው አጠገብ አይሆንም። ሕፃን ልጅ ሁለት ማግኔት ቢውጥ አንጀቱን ቆንጥጠው ይይዙታል፤ ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ማግኔቱ ይቅር። በአንዳንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ማረጋጊያ እንዲህ ያለ አሻንጉሊት ስለሚሰጥ የልብ ምት ማስተካከያው ነገር ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ከውጭ አገር በሰው የሚላክ ከሆነ

ኪት፣ ቡሩሽ፣ ሞሄርና አክሪሊክ ቀለም በሻንጣ ይመጣሉ። ማቅጠኛና አሴቶን ግን የሚቀጣጠሉ ስለሆኑ በአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀዱም፤ ቀለሙን ለመግዛት ከመወሰን በፊት ማቅጠኛው እዚያው በሚኖሩበት ከተማ መገኘቱ ይጣራ። የአሜሪካ ኦቨን 120 ቮልት ነው፣ የኢትዮጵያ መብራት 220። ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ የመጀመሪያው ጋገራ የመጨረሻው ይሆናል፤ ኦቨን የሚፈልገውን ኃይል የሚችል ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድና ውድ ስለሆነ ኦቨኑን አገር ውስጥ መግዛት ይረክሳል።

ልብሱም ሊላክ ይችላል፣ ጥቁር ሰማያዊና ቀይ ጨርቅ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ ውሃው ንጹሕ እስኪሆን ድረስ አይለበስ። ቪኒል የጨርቅ ቀለም ይመጥጣል፤ አንድ ሳምንት የለበሰው ቀይ ኮፍያ ግንባሩ ላይ የሚተወው መስመር በሳሙና አይለቅም።